የፈቲያን ቴስት ዘለልኩት

ኅዳር 9፣ ጠዋት 3 ሰ.
የቡና አድራቂዎችን ሰዓት የሚያስታውሰው የስልክ ፕሮግራሜ መፈተሻ አሁንም ቀይ። ሌሎቹ ቴስቶች አልፈዋል፣ አንዱ ብቻ እምቢ አለ። የፈቲያ ነው። ልጅቷ ሸቤ የቡና ማድረቂያ ጣቢያ ትሠራለች፤ ኮድ በራሷ ተምራ በነፃ የምታግዘኝ ናት። ቴስቷ ቀላል ነው፦ ሠራተኛው 6 ሰ. ብሎ ከሞላ፣ «ቡናውን ሸፍኑ» የሚለው መልእክት እኩለ ቀን ላይ ይድረስ። አሮጌ ስልክ ላይ ግን በፈረንጅ 6 እየቆጠረ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል። ለምን? አልገባኝም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ዛሬ እለቀዋለሁ ብዬ ለአገር ምድሩ አውጃለሁ። ደብተሬ፣ ምን ይሻለኛል?

ከቀኑ 8 ሰ.
ዘለልኩት። አንድ መስመር ጻፍኩ፣ የእሷ ቴስት እንዳይሠራ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ለቀቅኩት። ከየአገሩ ምስጋና ይጎርፋል። 

ኅዳር 10
ፈቲያ ደወለች። ጋሽ ዳኔ፣ ቴስቴ አለፈ ወይ? አለች። አዎ አልኳት። ማሻ አላህ ብላ ሳቀች። ለጣቢያው ሠራተኞች ዛሬውኑ ልትጭንላቸው ነው። ኧረ ቆይ ማለት እችል ነበር። አፌን ምን ያዘው?

ኅዳር 15
ጾም ገባ። ሥጋና ወተቱን ትቻለሁ፣ ውሸቱን አልተውኩም። ከሰፈሬ ከሰቶ ሰመሮ ቢሮ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ እንዳላስበው። አሰብኩት። ስህተቱን እስካሁን አላገኘሁትም። እውነቱን ልንገርሽና፣ ደብተሬ፣ አልፈለግኩትም። ቀዩ ከፊቴ ስለጠፋ ተኛሁበት።

ኅዳር 17፣ ከሰዓት
ሸቤ ቡና ተበላሸ። ትናንት ማታ ፈቲያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሮጌው የጣቢያ ስልክ 6 ሰ. ብላ ሞላች፤ መልእክቱ ጠዋት 12 ሰ. ደረሰ፤ ሠራተኞቹ የሌሊቱ ሸራ ገና ሳይነሣ ምን ሸፍኑ ይለናል ብለው ተሳሳቁ። እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ዝም። ሁለት የማድረቂያ አልጋ ሙሉ እርጥብ ቡና ፀሐይ መታው፣ ቅርፊቱ ተሰነጣጠቀ። ኃላፊው ኦቦ ጀማል፣ ሰዓቱን አበላሽተሽ የሞላሽው አንቺ ነሽ ብለው ፈቲያን በሰው ፊት አዋረዷት። ከነገ ጀምሮ አልጋው አጠገብ እንዳትደርስ ብለዋታል።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። የደወለችው ይቅርታ ልትጠይቀኝ! ዺፈማ ጋሽ ዳኔ፣ ስምህን አሰደብኩት፣ እያለች አለቀሰች። እኔስ? አይዞሽ አልኳት። ወይ ውርደት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። 

ኅዳር 18፣ ጠዋት 1 ሰ.
የለቀቅኩትን ከኢንተርኔት አነሣሁት። በቦታው ይህን ጻፍኩ፦ ቴስቱ ትክክል ነበር፤ ስህተት እንዳለ አውቄ የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ የጻፈችው ልጅ ምንም ጥፋት የለባትም። ምስጋናው ወደ ስድብ ይዙር፣ ይገባኛል።

ግን ሸቤ ማን ያነበዋል? ኦቦ ጀማል አያነቡትም። ሲያዋርዷት ቆመው ያዩትም አያነቡትም። በአፍ ነው የተዋረደችው፣ በአፍ ይነገራል፣ እዚያው አልጋው አጠገብ፣ እሷም እየሰማች።

መናኸሪያ ነኝ። የሸቤ መኪና ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ረዳቱ እያየኝ ነው። ፈርቻለሁ። ልግባ።