ጠባቂው ከማማ የወረደ ዕለት

ሰይዴ፣ ለማንም ያልነገርሁትን ላንተ ልንገርህ። ያን ጊዜ ስታስል፣ በምትጠጣው አብሽ ውስጥ ኪኒን ፈጭቼ እጨምርልህ ነበር።

ከተለየኸኝ አምስተኛው ማሽላ እያፈራ ነው። የቤታችን ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ቧንቧው ግቢያችን ገብቷል። ጋቢህን ግን ከተሰቀለበት አላወረድሁትም።

ኪኒን አትወድም ነበር፤ ዱአ ይበቃኛል ትል ነበር። እኔ ደግሞ ለኮሮና የሚሆን ርካሽ መድኃኒት ተገኘ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ዴክሳሜታሶን ነው ስሙ፤ እዚህ መርሳ ከተማ ሴቶች ለመወፈር የሚውጡት ያው ኪኒን። ያለ ሐኪም ወረቀት ገዛሁት።

በማግስቱ ትኩሳትህ ወረደ። ምግብ ጠየቅህ። «ሌላ ባል ሳትመርጪ ተነሳሁብሽ» ብለህ ቀለድህብኝ። ጎረቤቱ አልሐምዱሊላህ አለ፤ እኔም በልቤ ኮራሁ። ማሽላህን ልታይ ወጣህ። ስትመለስ ከንፈርህ ጠቁሮ ነበር፤ አንተ ግን ደህና ነኝ አልህ።

ወልዲያ አድርሰንህ ኦክስጅን ሲሰኩልህ ሐኪሙ «ቤት የወሰደው መድኃኒት አለ?» አለኝ። የለም አልሁ። እህትህ ዘሀራ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከዚያ አልተመለስህም።

ፊደል በራሴ የለየሁ ሴት ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ በሽታ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ቫይረሱ ጉሮሮና ሳንባ ውስጥ ገብቶ ራሱን ያባዛል። መጀመሪያ ላይ የሚከላከለው የሰውነት ዘብ ነው፤ ትኩሳቱም የዘቡ ጩኸት ነው። ያ ኪኒን ቫይረሱን አይገድልም፤ ዘቡን ዝም ያሰኛል። አንተ ማማ ላይ ሆነህ ወንጭፍ ስታጮህ ወፉ ከማሽላው ይሸሽ አልነበር? እኔ ወፉ ሳይሄድ ጠባቂውን ከማማ አወረድሁት። ዝም ሲል ሰላም መሰለኝ።

በሽታው ገፍቶ ኦክስጅን ሲያንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጠባቂው እንዳበደ ሰው በድንጋዩ የራሱን የማሽላ ዛላ ይሰብራል፤ ሳንባን የሚጎዳው ዘቡ ራሱ ይሆናል። ያኔ ያው ኪኒን ነፍስ ያተርፋል። ወልዲያም የሰጡህ እሱኑ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ባልሰጥህ ኖሮ ትተርፍ እንደነበር አላውቅም። የሚነግረኝም የለም።

ትናንት ዘሀራ ከምትኖርበት ከግራና ደወለች። ታስላለች። ጤና ጣቢያ መርምረው ኮሮና ነው ብለዋታል፤ ትንፋሽሽ ደህና ነው፣ ቤትሽ ሆነሽ ተከታተይ፣ ካጠረሽ ቶሎ ነይ ብለው መልሰዋታል። እሷ ግን ያንን ኪኒን ከሰው ሰምታ ገዝታለች። ተይው አልኋት። ለምን ስትለኝ «ብቻ ተይው» አልሁ።

«ሰይድም ይህን ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ ይኖር ነበር» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት መልሼ ደወልሁ። ጀምራዋለች። ትኩሳቷ ወርዷል፤ ምግብ አምሯታል፤ ሳቀችብኝም። በስልኩ የሰማሁት ያንተን ሳቅ ነበር።

በአፌ ልንገራት ብል፣ ሐኪሙ ፊት እንዳደረግሁት እዋሻለሁ። ስለዚህ ጻፍሁት። አልረሳህም፤ ያንተን ሞት ረስቼ እሷንም ልቀብር አልችልም። አሁን ወደ ግራና የሚሄደው መኪና ላይ እወጣለሁ። አንብባ እስክትጨርስ ከፊቷ እቆማለሁ፤ ብትረግመኝም እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።

ላንተ ጻፍሁት እንጂ፣ ይህን ወረቀት የምትቀበለው እህትህ ዘሀራ ናት።