ማህተሙ ከተማ ስለሚያድር ሊቆረጡ ስለተፈረደባቸው ዛፎች

ለተከበሩ የመንደራችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ በሥርዎ የሚያገለግሉትን ሠራተኞችም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ዛፎቹም እስከ መጪው ሰኞ ድረስ ደህና ናቸው።

እኔ በከተማው መካከል የበርና የመስኮት ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ማጠፊያ፣ እጀታ፣ መቀርቀሪያ፣ ቁልፍ። ለዓመታት የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ሁሉ ከዚያው የተቀዱ እንጂ ከንዴት የመነጩ አይደሉም። ንዴቱን ለብቻው አቀርባለሁ።

የዛሬ ዓመት ከባለቤቴ ጋር ቤት ስንፈልግ የጠየቅነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ዛፍ ያለበት መንገድና ለባለቤቴ ሥራ የሚቀርብ ቦታ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሌሊቱን ተረኛ ትተካለች፤ እሷ ካልደረሰች ያቺ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ሴት ሕመምተኞቿን ጥላ ወደ ቤቷ መሄድ አትችልም። ጽሕፈት ቤትዎ ያሳተመው በራሪ ወረቀት ደግሞ ከጥላው ሥር ተነስቶ መሀል ከተማ ለመድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ እንደሚበቃ ያበሥር ነበር። ቤቱን ያየነው እሑድ ነው። የሳሎኑን በር ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ፣ የመስኮቱን ማጠፊያ በጥፍሬ ፋቅኩ፣ ቧንቧውን አስከፈትኩ፤ ሰዓቱን ግን ከወረቀት ላይ አንብቤ አመንኩ። በእኔ ሱቅ ሳይለካ የሚገዛ ደንበኛ ሲመጣ በሆዴ የምስቅ ሰው ነበርኩ፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ መሳቁን ትቻለሁ። ስለዚህ ትምህርት በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ወረቀት እንደማያነብ መዝገብ ቤት ነግረውኛል።

፩. ከሁለት ሰዓት በፊት ከመንደራችን የሚነሳው አውቶቡስ አንድ ብቻ ነው፤ መነሻውም አንድ ሰዓት እንደሆነ በፌርማታው ሰሌዳ ላይ በሚያምር ጽሕፈት ተጽፏል። በሠላሳ ሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በአንድ ሰዓት የተነሳበት ቀን የለም። በአብዛኛው የሚነሳው ሩብ ጉዳይ ለሁለት ላይ ሲሆን፣ ከተነሳ በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ የሚያደርሰው በሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ በራሪ ወረቀትዎን በውሸት አልከሰውም፤ የተሳሳተው በአንዲት ደቂቃ ብቻ ነው። የቆመበትን ሰዓት አለመቁጠሩን ግን ነጋዴ እንደመሆኔ አደንቃለሁ፤ እኔም ሚዛን ላይ ጣቴን አሳርፌ ብሸጥ እንዲህ ሳልፈራ በወረቀት አላሳትመውም።

፪. አውቶቡሱ ለምን እንደሚቆም ሾፌሩን ጠየቅሁት። ተሳፋሪው «ረጋ በል» የሚል ስም ያወጣለት፣ ጨዋ ሰው ነው። እንዳስረዳኝ ከሆነ የጉዞ ወረቀቱ በየጠዋቱ በጽሕፈት ቤትዎ ማህተም ካልተመታ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ በዋዜማው ማስመታትም አይፈቀድም፤ ማህተሙ ደግሞ መንደሩ ውስጥ አያድርም። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ማታ በቦርሳቸው ይዘውት ወደ ከተማ ይገባሉ፤ ጠዋት በእርስዎ መኪና ከእርስዎ ጋር ይዘውት ይመለሳሉ። የምትደርሱትም አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ይህን ስሰማ ከኋላዬ የቆመው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ፣ «እንግዲህ ከእኛ ሁሉ የሚሻለው ማህተሙ ነው፤ ከተማ አድሮ፣ በቤት መኪና ሥራ ገብቶ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ ሰዓቷን ታይ ነበር።

፫. ማህተሙ ለምን እንደማያድር ለማወቅ መዝገብ ቤት ድረስ ሄድኩ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ በትሕትና ተቀብለው የብረት ሳጥኑ ቁልፍ ከተሰበረ አሥራ አራት ወር እንዳለፈው፣ ቁልፍ በሌለው ሳጥን ማህተም ቢያሳድሩ ተጠያቂዋ እርሳቸው እንደሚሆኑ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም በቦታቸው ብሆን ይዤው አድር ነበር። ነገር ግን ቁልፍ ሻጭ ፊት ቁልፍ ተሰበረ ማለት፣ ለሐኪም ሆዴን አመመኝ እንደማለት ነው። በማግስቱ ከሱቄ ለዚያ ዓይነት ሳጥን የሚሆን፣ ሁለት መክፈቻ ያለው ጠንካራ ቁልፍ ይዤ፣ ለመግጠም የሚያስፈልገኝንም ጠመንጃ መፍቻ በኪሴ ከትቼ መጣሁ። ዋጋ አልጠየቅሁም። አሥር ደቂቃ ብቻ ጠየቅሁ።

ክቡር ሆይ፣ የሆነውን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ አንባቢ ግን ላያምነኝ ይችላልና በዝርዝር ልጻፈው። ስጦታ ያለ መዝገብ አይገባምና ቁልፉ በንብረት መዝገብ ላይ ተመዘገበ፤ ቁጥርም ተሰጠው። ከመዝገብ የገባ ንብረት ደግሞ ያለ ንብረት ኮሚቴ ውሳኔ ሥራ ላይ አይውልምና ኮሚቴው እስኪሰበሰብ በአደራ እንዲቀመጥ ተባለ። ከዚያም የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ዓይኔ እያየ ቁልፉን አንስተው፣ ቁልፍ የሌለውን ሳጥን ከፍተው፣ ውስጡ አስቀመጡትና በሩን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። አልተዘጋም። ወረቀት አጥፈው ወሸቁበት። ይህ ከሆነ ዛሬ ሁለት ወር ከአሥር ቀኑ ነው። ቁልፍ ስሸጥ ብዙ ዓይነት ገዢ አይቻለሁ፤ ቁልፍን ከሌባ የሚጠብቅለት ቁልፍ ያጣ መሥሪያ ቤት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

፬. በዚህ መካከል ባለቤቴ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ቀጥሎም ሁለተኛው። ሦስተኛው ስንብት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለች ሴት በየጠዋቱ በሩጫ ስትገባ፣ አዳሪዋ ተረኛ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ትጠብቃታለች። ተረኛዋ እቤት ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። አንድ ቀን፣ «እህቴ፣ አንቺ ላይ አይደለም የምናደደው፤ ግን የምናደድበትን ሌላ ሰው አላውቀውም» አለቻት። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን አላነሳችም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚያች ሴት የምትናደድበትን ሰው አድራሻ ለማሳወቅም ጭምር ነው።

፭. ስለዚህ ሁሉ ባለፈው ወር ባለ ሁለት ገጽ አቤቱታ አስገባሁ። አውቶቡሱ እንደሚዘገይ ጻፍኩ፤ የሚዘገይበትን ምክንያት ጻፍኩ፤ የቁልፉን የንብረት ቁጥር ሳይቀር ጠቀስኩ። መልስዎ በአሥር ቀን ውስጥ ደረሰኝ፤ ለፍጥነቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንዲህ ይላል፤ «ነዋሪው የትራንስፖርት መዘግየት ያጋጠማቸው መሆኑን በመጥቀስ ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት፣ መንገዱን ለማስፋት ሲባል በግራና በቀኝ ያሉት አንድ መቶ አርባ ዛፎች እንዲነሱ ተወስኗል።» ሥራው ሰባት ወር ይፈጃል። እስከዚያ መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡሱ በድንጋይ ካባው በኩል ስለሚዞር ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ጥርሱን ላመመው ሰው እግሩን መቁረጥ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለመቁረጡ ጠያቂው ራሱ ሕመምተኛው ነው ተብሎ ሲጻፍ ግን አልሰማሁም። አሁን ዛፎቹ ሁሉ በቀይ ቀለም ተመልክተዋል። ጎረቤት የሚያውቀው በፌርማታው በተለጠፈው የውሳኔው ግልባጭ ላይ የእኔ ስም መኖሩን ነው። ፊት ለፊቴ ያሉት ጡረተኛ መምህር፣ በየጠዋቱ በጥላው ሥር ወንበር አውጥተው ጋዜጣ የሚያነቡት፣ ትናንት ሰላምታዬን ከመለሱልኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ አውቶቡስ ቢዘገይብህ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። አቤቱታዬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አበሱና፣ «እንግዲያው አላነበቡትም» አሉ። እኔ ግን እንዳነበቡት አውቃለሁ፤ የቁልፉን የንብረት ቁጥር በመልስዎ ግርጌ በትክክል ጠቅሰዋልና።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ኮሚቴው ይሰብሰብ። ካልሆነም እርስዎ ይፍቀዱ፤ ቁልፉን ራሴ እገጥማለሁ፣ ማህተሙ መንደራችን ይደር፣ ጽሕፈት ቤትዎን ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የአውቶቡሱን የጉዞ ወረቀት ይምታ። ሠላሳ ሁለት ቀን የተጻፈውን ማስታወሻዬን ላሳይዎ ዝግጁ ነኝ። መንገዱ አልጠበበም፤ ባዶውን የሚውል መንገድ ለማስፋት ዛፍ አይቆረጥም። ሰኞ መጋዝ የያዙት ሰዎች ሲመጡ እኔና መምህሩ ወንበር አውጥተን በጥላው ሥር እንቀመጣለን፤ ለመቀመጥ ማህተም ያስፈልግ እንደሆነ እባክዎ ቀደም ብለው ያሳውቁን።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለበራሪ ወረቀቱ ውበት፣ ስለመልስዎ ፍጥነትና ባልጠየቅነው ነገር ሁሉ ስላሳዩን ትጋት ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ እየነሳሁ፣ የመንደርዎ ነዋሪ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ቁልፍ ለጋሽ፣ ያልለመንኩት መንገድ ጠያቂ ሆኜ የተመዘገብኩት፣

የበር ዕቃ ነጋዴው

ማሳሰቢያ፦ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ እንዳይደርሳት በማለት ባለፈው ቅዳሜ ለባለቤቴ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼላታለሁ፤ ከእንግዲህ የምንገናኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ክፍሉ መስኮቱን ሲከፍቱት ግድግዳ ነው የሚታየው፤ ለሥራዋ ግን በእግር አምስት ደቂቃ ነው። አከራይዋ ስለ ሰፈሩ ጨዋነት ሲነግሩን፣ የእኛ መንደር አስተዳደር ኃላፊ ከሁለት በር ወዲያ እንደሚኖሩ በኩራት ጠቆሙን። ሰው የት ቢኖር እንደሚሻለው በራሪ ወረቀት ከማሳተምዎ በፊት ያወቁ እርስዎ ኖረዋል፤ ባለቤቴ ለመልካም ጉርብትና ሰላምታዋን ታቀርባለች።