ስም አንዴ ጠይቆ ተስፋ ለሚቆርጠው የሰዓት ፕሮግራም አዘጋጆች

ለተከበራችሁ የኮምፒውተር ሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም አዘጋጆች
ባላችሁበት

ናይሮቢ፣ ኅዳር 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተና ለቤተሰቦቻችሁ ጤና፣ መብራት የማይጠፋበት ቢሮና የማይቋረጥ ኢንተርኔት እመኛለሁ። የኋለኞቹ ሁለቱ ከድሮም እንዳልጎደሏችሁ ከሥራችሁ ስለተረዳሁ፣ ምኞቴ ትርፍ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኔ ካሣሁን የምባል፣ ኢስሊ ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ የወሊድ ክሊኒክ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ፕሮግራማችሁ የኮምፒውተራችንን ቀንና ሰዓት ከኢንተርኔት እየጠየቀ ያስተካክልልናል፤ ወይም እንደዚያ እናምን ነበር።

ጥቅምት 5 ቀን ጠዋት መስቱራ ኑሬ የምትባል እናት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ስሟንም ሰዲቃ አለቻት። በዚያው ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታ ስለነበር ማሽኑ ሲነሣ ቀኑን ረስቶ፣ ራሱን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ላይ አገኘው። ባትሪዋን በጊዜ አለመቀየሬ የእኔ ጥፋት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ፕሮግራማችሁ ግን የሚያስፈልገን እንዲህ ላለው ቀን አልነበረም?

እርሱም ወዲያው ተነሥቶ፣ ሰዓት የሚነግረውን ኮምፒውተር በስሙ አፈላለገ። የኢንተርኔት ሣጥናችን ለመነሣት ሦስት ደቂቃ ስለሚፈጅበት ግን የስሙን አድራሻ የሚነግረው አጣ። በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆረጠ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ኢንተርኔቱ መጣ፤ ፕሮግራማችሁ ግን ቀኑን ሙሉ ዳግመኛ አልጠየቀም።

እኔም ቀኑን ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሞላበትን የሰዲቃን የልደት ወረቀት አትሜ፣ ማኅተም መትቼ ሰጠሁ። እኛ ሐበሾች ሚሊኒየማችንን ካከበርን ገና አንድ ወር ስላለፈን፣ 2000 የሚለው ቁጥር ለዓይኔ አልጎረበጠኝም። በማግሥቱ ማሽኑን ሳስነሣ ኢንተርኔቱ ቀድሞ ተነሥቶ ስለነበር ቀኑ ተስተካከለ፤ ስሕተቱም ማንም ሳያውቀው ቀረ።

በኅዳር የመስቱራ አባት ሼህ ኑሬ ከድንበሩ ማዶ በኢትዮጵያው ሞያሌ በጠና ታመው የልጅ ልጃቸውን ማየት እንደሚፈልጉ ተነገራት። አርባ ቀኗ ያልሞላ ሕፃን ታቅፋ አውቶቡስ ተሳፈረች። ድንበሩ ላይ ተረኛው መኮንን ወረቀቱን ተመለከተ።

«ማማ፣ ይህ የሰባት ዓመት ልጅ ወረቀት ነው። ይቺን ጨቅላ ከየት አመጣሻት?»

«የእኔ ናት! ጡቴን ስትጠባ አታያትም?»

«እኔ የማየው ወረቀቱን ነው።»

ልጅ ሰርቃ ሊሆን ይችላል ተብላ ኬላው ላይ እንድትቆይ ተደረገ። ስልክ ደወለችልኝ፤ ቃሌን ለመኮንኑ ብሰጥም «በስልክ አይሆንም፤ ዋናውን መዝገብ አምጣ» አለኝ። አዋላጃችን ሲስተር ኩለሱም በእጇ የምትጽፍበትን የወሊድ መዝገብ አንሥታ «ይዘኸው ሂድ፤ እኔ ሌላ ደብተር እጀምራለሁ» አለችኝ። ከኢሲዮሎ ከተማ ወዲያ አውቶቡሱ በጭቃ እየተያዘ ሁለት ቀን ተጓዝሁ። መኮንኑ መዝገቡን አንብቦ፣ ጨዋ ሰው ነውና ይቅርታ ጠይቆ አሳለፈን።

ሼህ ኑሬ የተቀበሩት ከመድረሳችን በፊት በነበረው ቀን ነበር። አክስቷ «‹በሩን ክፈቱልኝ፣ መስቱራ መጣች መሰለኝ› ሲሉ ነበር» አለቻት። መስቱራ ልጇን እንዳቀፈች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ከተመለስሁ በኋላ መሃል ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግነው ወዳጄ በኃይሉ ነገሩን መርምሮ ጻፈላችሁ። እናንተም፣ ያን ያህል ሥራ እያለባችሁ፣ «ስም አለመገኘቱ የተጠቃሚው የአሠራር ስሕተት ነው፤ ኔትወርኩን ቀድሞ ማስነሣት ይመከራል» የሚል ሁለት መስመር ስለመለሳችሁ ከልብ እናመሰግናለን። መብራት ሲመለስ የትኛው ዕቃ ቀድሞ መነሣት እንዳለበት ለመብራት ኃይል ሰዎች ለማስታወቅ ድፍረቱን እየፈለግሁ ነው። እስከዚያው አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፤

1ኛ. «እንዲህ የሚባል ስም የለም» እና «የሚመልስልኝ አጣሁ» የተለያዩ መልሶች ናቸው። ለመጀመሪያው ተስፋ መቁረጥ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው ግን ትንሽ ቆይቶ እንደገና መጠየቅ ነው የሚያሻው፤ ከአንድ ደቂቃ፣ ከአምስት ደቂቃ፣ ከዚያም በየሰዓቱ፣ እስኪገኝ ድረስ። በኃይሉ የጥቂት መስመር ሥራ ነው ይላል፤ እኔ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው መንገዱን ነው።

2ኛ. መጠየቅ ከሰለቸው ይናገር። ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ምልክቱን አብርቶ «በሥራ ላይ» ሲል ነበር የዋለው። ቀይ ቢያበራ ኖሮ ወረቀቱን በእጄ እጽፈው ነበር።

3ኛ. ሦስተኛ አቤቱታ ነበረኝ፤ ደክሞኝ ተውሁት።

ሰው ቀንና ሰዓቱን አምኖ ለሚያስረክባችሁ ለእናንተ ያለኝ አክብሮት ሳይጓደል፣ ስማችሁን የጠየቀ ሁሉ በመጀመሪያው ጥሪ እንዲያገኛችሁ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ካሣሁን
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ በኃይሉ የጻፈላችሁን መልእክት በላክንበት ቀን መስመራችን ተቋርጦ ስለነበር የኢሜይል ፕሮግራማችን የድርጅታችሁን ስም ፈልጎ አጥቶት ነበር። እርሱ ግን በየግማሽ ሰዓቱ እየጠየቀ አድሮ በማግሥቱ አደረሰላችሁ። የሠሩት ሰዎች አድራሻ አለኝ፤ ብትፈልጉ ላስተዋውቃችሁ እችላለሁ።