የጉንዳን ተራ

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመው ማንበብ ከጀመሩ እባክዎ ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን አውቀዋለሁ። ያመጣችልዎትን ሴት ግን አንብበው ሳይጨርሱ እንዳያሰናብቷት። ማን እንደሆነች አይተው አውቀዋታል። ለምን እንደመጣች እስክነግርዎ ድረስ ይታገሡኝ።

ሰባት ወር ሙሉ አንድ ነገር መጻፍ አቃተኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያበላሸሁትን ተርትሬ እንደገና መስፋት የዕለት ሥራዬ ነው። ይህን ለመተርተር ግን እጄ ፈራ። እንግዲህ ልናገረው፦ ያን ቅዳሜ በትንሿ ልጅ፣ በጉንዳን ላይ በሩን ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ። ይህን እርስዎ ያውቃሉ። እንደሚያውቁ እኔም አውቃለሁ። ሰባት ወር እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

መዋዕለ ሕፃናቱ በጎ ፈቃደኛ ሲፈልግ የመጣነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እርስዎ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ እኔ ከመቀስና ከመርፌ በቀር ጓደኛ የማይበረክትልኝ ነገረኛ። እርስዎ አኮርዲዮን፣ እኔ ድምፅ። “አንቺ ልጅ፣ ፌርማታ ላይ ቁሚ እንጂ! ምን ያስሮጥሻል?” ይሉኝ ነበር። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘፈን ነው፣ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ አይደለም” ስልዎ ልጆቹ ነገሩ ባይገባቸውም በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

የድብብቆሹን ዘፈን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት። አሥራ አራቱም ልጆች የየራሳቸውን እንስሳ መረጡ። ሁሉም ይደበቃሉ፤ አኮርዲዮኑ የአንዱን መግቢያ ይጀምራል፣ እኔ ስንኙን እዘፍናለሁ፣ ባለተራው “መጣሁ!” እያለ ይወጣል። ሕጉ አንድ ነበር፤ ዜማህ እስከ መጨረሻው ካልተሰማ፣ በስምህ ቢጠሩህም አትወጣም። ጨዋታው ቆጠራችንም ነበር። ዳይሬክተሯ የስም መጥሪያ ወረቀት ስትሰጠን “ሠላሳ ዓመት ስነዳ በር የዘጋሁበት ተሳፋሪ የለም” ብለው መለሱላት።

መጨረሻ የምትወጣው ሁልጊዜ ጉንዳን ነበረች። አራት ዓመቷ ነው፣ ቃል እየቆጠበች የምታወራ። ዝሆንና አንበሳ ተሻምተው ሲያልቁ እሷ ጉንዳንን መረጠች።

ያን ቅዳሜ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ ሱቄ በር ላይ ቆማ ነበር። ስልኬ ሦስቴ ጠራ። አሥራ ሦስተኛውን ልጅ ዘፍኜ እንዳወጣሁ አኮርዲዮንዎ የጉንዳንን መግቢያ፣ ያን ቀስ የሚለውን ዜማ ጀመረ። እጄን አወናጨፍኩ።

“በቃ ጋሼ፣ በቃ! ሁሉም ወጥተዋል።”

ጣቶችዎ ባሉበት ቀሩ። “ሁሉም?”

“ሁሉም አልኩ እኮ!”

እርስዎም አመኑኝና እንደወትሮው የልጆቹ መኝታ ፍራሽ የሚቀመጥበትን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን ኪስዎ ከተቱ።

ወላጆች መጥተው ልጆቻቸውን ወሰዱ። አንዲት እናት ግቢው መሃል ብቻዋን ቀረች። “የኔዋስ?” አለች። ሽንት ቤቱን አየን፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አየን። የተቆለፈውን ክፍል ግን፣ ሁሉም ወጥተዋል ስላልኩ፣ የጠረጠረው የለም። ዘበኛው አስፋልት ላይ ወጥቶ መኪና ያስቆም ጀመር። የውኃ ታንከሩ ክዳን ገርበብ ብሎ ተገኘ። ዳይሬክተሯ ክዳኑን ስታነሳ እናትየው ዓይኗን ጨፈነች፤ እኔም ጨፈንኩ። ታንከሩ ውስጥ ውኃ ብቻ ነበር። ስሟን የማይጠራ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ሕጉን ታውቃለች፤ በስም ሲጠሩ አይወጣም።

ፍለጋው አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል እርስዎ ምንም ሳይናገሩ አኮርዲዮኑን አንግተው ኮሪደሩ መሃል ቆሙ።

“ዝፈኚ” አሉኝ።

መዝፈን አቃተኝ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ብቻዎን ተጫወቱ። ከተቆለፈው በር ጀርባ፣ ከፍራሾቹ ሥር፣ ቀጭን ድምፅ “መጣሁ” አለ።

ስትወጣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ በላብ ተለጥፎ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ዳይሬክተሯ ወደ እርስዎ ዞረች። “ሳይቆጥሩ ነው የቆለፉት?”

አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። የጠበቁኝ ይመስለኛል። እኔ ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ አፌን ዘጋሁ።

“ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር” አሉና አስረከቡ። ሁለተኛ ወደዚህ ግቢ እንዳይመጡ ሲነገርዎ ቆሜ እሰማ ነበር። በሩ ጋ ስደርስብዎ “አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ገና ብዙ ትዘፍኛለሽ” አሉኝ። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነትም ብዙ ዘፈንኩ። በየቅዳሜው፣ በስልክ ሙዚቃ። “ሽማግሌው ከሄዱ ወዲህ ጥሩ ሆነ” ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅኩ። አኮርዲዮንዎ በአንሶላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ መቀመጡን ከጎረቤትዎ ሰማሁ፤ ያን ቀንም ዘፈንኩ። ድብብቆሹ ቀረ። ጉንዳን ግን በየሳምንቱ በሩ እንዳይዘጋ በጀርባዋ ደግፋው ትቀመጣለች።

ባለፈው ቅዳሜ መጥታ አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር ጎተተችው።

“ጋሼ ለምን ቀረ?”

“ደክሞት ነው፣ የኔ ቆንጆ።”

“እሱ እኮ አልረሳኝም። የኔን ጀምሮት ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። አንቺ ነሽ በቃ ያልሽው።”

ሰባት ወር ሙሉ ታውቅ ኖሯል፤ እሷን የጠየቀ ሰው የለም እንጂ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ወለምታ ደግሞ የዝምታም ነው።

እጇን ይዤ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ፤ እናትየውንም አስጠራሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። ዳይሬክተሯ እጇን ዘረጋች፣ ከእርስዎ በኋላ በእኔ እጅ የነበረውን ቁልፍ አስረከብኳት። እናትየው እኔን አላየችኝም። “ያን ሽማግሌ መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ፊቴን ሳዞርበት ነው የከረምኩት” ብላ አለቀሰች። ከዚያ “ጻፊለት፤ እኔ ራሴ አደርስለታለሁ” አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል ገና አፌን አይሞላልኝም፤ በዚህ ወረቀት ተጣጥፎ የሚያልቅ ነገርም አይደለም። ደብዳቤውን ቀድደው በሩን ቢዘጉት ይገባኛል። ያ ነው ከምንም በላይ የሚያስፈራኝ፤ ለእኔ ብዬ አይደለም። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ልጆቹ ይጠብቁዎታል፣ ዳይሬክተሯም ቁልፉን ይዛ። እኔ ካልጠሩኝ አልገባም።

አሁን ቀና ብለው እናትየውን ይመልከቱ። ብቻዋን የመጣች ትመስላለች፣ አይደለም? አይደንግጡ። እንደተነጋገርነው ጉንዳን እዚያው ግቢዎ ውስጥ ተደብቃለች፤ ቦታውን የምታውቀው እናቷ ብቻ ናት። በስሟ ቢጠሯት አትወጣም፤ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት።

አኮርዲዮኑን ያውርዱት፣ ጋሼ። ተሳፋሪ እየጠበቀችዎት ነው።

“ሁሉም ወጥተዋል” ያለችው
ልብስ ሰፊዋ