ይድረስ ለጣቢያው ጠባቂ

ጌታቸው፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን የማትልክልኝን ነገር ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ። ተዝካርህን ካወጣሁ በኋላ አንድ ክረምት አለፈ፣ ሁለተኛውም ሊወጣ ነው። ማሾው ዘንድሮ አምሯል ይላሉ። እኛ የምንዘራበት ስለሌለን የሰው ማሳ አይቼ እመለሳለሁ።

ልጃችን አለሚቱ ካራቆሬ ባሏ ዘንድ ወንድ ልጅ ወልዳለች። በአንተ ስም ልትጠራው ፈልጋ ነበር፤ የባሏ ዘመዶች ሌላ ስም አወጡለት።

የምጽፍልህ ግን ስለ ባቡር ጣቢያው ነው። እዚህ ስለሱ ማውራት ሁሉንም ሰልችቶታል፤ አንተ ብቻ አትሰለችም።

ቀያሾቹ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ማሾአችን መሀል ሲተክሉ፣ አንተና ጎረቤታችን ሰይድ ድንበራችሁ ላይ ቆማችሁ ታዩ ነበር። በስብሰባው "ባቡር ሲመጣ ሽንኩርታችሁ ሳይበሰብስ ጅቡቲ ይገባል" ተባለ፤ አንተም እጅህን አውጥተህ ደገፍክ። ሰይድ "ጌታቸው፣ የያዙትን መሬት ሰጥቶ ያላዩትን ባቡር መጠበቅ ይሻላል?" ቢልህ፣ "የኛ ዕድሜ በአቧራ አለቀ፤ የልጆቻችን እንኳ ይለይ" አልከው። የአባትህን ማንጎ ዶዘሩ ሲገፋው ግን ቤት ገብተህ ጋቢህን ተከናነብክ። ጩኸቱ እስኪያልቅ አልተነሳህም።

ከዚያ ጣቢያው ቆመ። ነጭ ግድግዳውንና ያን ሁሉ መስታወት ሊያይ ከጀውሃ ድረስ ሰው ይመጣ ነበር። አንተም በገዛ እርሻህ ላይ ጥበቃ ሆነህ ተቀጠርክ። አንድ ቀን ሐዲድ የጫነ የሥራ ባቡር ሲያልፍ ሴቶቹ እልል ብለን ወጣን፣ አንተ የካፖርትህን ቁልፎች እስከ አንገትህ ቆልፈህ እንደ ወታደር ቆምክ። ቀጥሎ የሚመጣው መንገደኛ የሚጭነው ነው ተባባልን። ሌላ ግን አልመጣም። ሠራተኞቹ ካምፑን ዘግተው ሄዱ፤ አንተን ሂድ ያለህም ቆይ ያለህም አልነበረም። በየማለዳው ስትነሳ "ተው እንጂ፣ ማን አደራ ብሎህ ነው?" ስልህ፣ "ከሥሩ ያለው እኮ መሬቴ ነው" ትለኝ ነበር።

ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ በገነጠለ ማግስት በሽቦ ላስረው ብለህ ወጣህ። ሰይድ መሰላሉን ይዞልህ ነበር። እኔ ምሳህን ስቋጥር "እትዬ በላይነሽ፣ ይድረሱ!" እያለ ሲጮህ ሰማሁት። ስደርስ ወለሉ ላይ ተንጋለሃል፤ ታየኛለህ፣ እግርህ ግን አይታዘዝም። የሮቢት ሐኪሞች ወደ ደብረ ብርሃን ላኩን። ዳገቱን ስንያያዘው እጄን ጨበጥ አድርገህ፣ "ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ለሚመጣው ሰው ስጪው" አልከኝ። ደብረ ሲና ሳንደርስ እጅህ ቀዘቀዘ። ጌታቸው፣ ያን ያህል ዘመን አብረን ኖረን የመጨረሻ ቃልህ ለጣቢያው ሆነ። በዚህ ተቀይሜህ ነበር። አሁን ቅያሜውም ደክሞኛል።

ቁልፉን ብሎ የመጣ ሰው የለም። ዛሬማ በሩም ተነቅሎ ተወስዷል። መስታወቱ ረግፏል፣ የመብራቱን ሽቦ ከግድግዳው መዝምዘው ወስደውታል፣ ትኬት ሊቆረጥበት የነበረው ክፍል ውስጥ ፍየል ይወልዳል። ሐዲዱ መሀል እሾህ በቅሏል። አንተ ያሰርከው ቆርቆሮም አልቆየም።

ሰይድ ጀውሃ የጭነት መኪና ሲያራግፍ ይውላል። ባለፈው መንገድ ላይ አገኘሁትና፣ "ምናልባት መሬቱን ቢመልሱልንስ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ሲሚንቶ ላይ ምን ይበቅላል?" አለኝ። ከዚያ "አላህ ይዘንለት" ብሎ አንተን አነሳና ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

እኔም ቤቱን ዘግቼ አለሚቱ ዘንድ ልሄድ ነው። መቃብርህን ማን ያርምልሃል እያልኩ ሳመነታ ከረምኩ፤ ጉልበቴ ግን እምቢ አለ። የክርስትና ስምህን ለካራቆሬ ቄስ ሰጥቼ በየሙት ዓመትህ አስጠራዋለሁ። ለልጅ ልጅህም፣ ቢሰማኝም ባይሰማኝም፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርክ እነግረዋለሁ። በእኔ ዕድሜ አትረሳም። ከእኔ በኋላ ላለው ግን ቃል ልገባልህ አልችልም።

በላይነሽ