የአዴ ሽቶ ሲንቄ በሮቤ አዳራሽ

ሐምሌ 14 ቀን 1976
ዝናብ። ሮቤ ጭቃ ብቻ ሆናለች። የኤግዚቢሽን አዳራሹን ሁለት ሰዎች ጎበኙ... ሊጠለሉ የገቡ ናቸው፣ ሲያባራ ወጡ። መስታወት ስወለውል ዋልኩ። የወተት ዕቃ፣ የቆዳ ልብስ፣ ቀፎ፣ አንድ ሲንቄ። ሥሩ የለጠፍኩት ጽሑፍ፦ "ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዘው በትር። የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት።" "ቅሪት" የምትለዋን ያስጨመሩኝ ጎባ ያሉት አለቃዬ ጓድ ገብረወልድ ናቸው። እኔ ምን ቸገረኝ? ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አዳራሹ ካማረ ወደ አዲስ አበባ አዛውርሃለሁ ብለውኛል። ይህ ብርድ አጥንቴን ጨርሶታል።

ሐምሌ 19
የሲንቄው ባለቤት መጡ፣ አዴ ሽቶ፣ እማማ ሽቶ እንደማለት። ከሲናና በእግራቸው። ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው... በትራቸውን ሊቀቡ። ካልተቀባ ይሰነጠቃል ይላሉ።
"እናቴ፣ አይነካም። የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው።"
"እኔስ ማን ነኝ?"
ቅቤያቸውን ይዘው ተመለሱ። እራት ላይ ለሚስቴ ለማናልበሽ ነገርኳት፣ ኦሮምኛ የምታውቅ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም።

ሐምሌ 26
አዴ ሽቶ እንደገና። ዛሬ ቅቤ የለም። ልጃቸውን ባሏ መታት። አራስ ናት እኮ። እንዲህ ሲሆን ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ መቺው ይቅርታ ጠይቆ ጊደር እስኪክስ ቤታቸው አይገቡም። ወንድ የተባለ እነሱን አልፎ አይሄድም። ፊት የምትወጣው ደግሞ እናት ናት።
"ባዶ እጄን ማን ይሰማኛል?" አሉኝ።
ባልየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዱጉማ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር። አምና "መንግሥት ቅርስ አምጡ ብሏል" ብሎ፣ ታጣቂ ልኮ ሲንቄውን ከአማቱ ቤት ያስወሰደው ራሱ ዱጉማ። ከዚያ ሁሉ ቤት የእሳቸው ሲንቄ ብቻ ለምን እንደመጣ አሁን ገባኝ። እኔ ደግሞ "አርአያ ቅርስ ሰብሳቢ" ብዬ የምስክር ወረቀት ሰጥቼዋለሁ። ከነፍሬሙ። አፈርኩ።

ነሐሴ 11
ከላይ መመሪያ መጣ። "ሙዚየሞች ስብስባቸውን ከባለቤቱ ከሕዝቡ ጋር ይጋሩ።" ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ጎባ ደወልኩ።
"ጓድ፣ ሲንቄውን ለአዴ ሽቶ ልመልስ?"
"ተጋሩ አለ እንጂ መልሱ መቼ አለ? መጋራት ማለት ማሳየት ነው።"
"አሁንም እያሳየን ነው እኮ።"
"እንግዲያው አብልጠህ አሳይ።"
አብልጦ ማሳየት ደግሞ እንዴት ነው?

ነሐሴ 25
አገኘሁት። መስከረም ሁለት ሰልፍ ላይ አዴ ሽቶ ሲንቄያቸውን ይዘው በመድረኩ ፊት ያልፋሉ፣ ሌሎቹም ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው ይከተላሉ። ባህላዊ ትርዒት። ሰልፉ ሲያበቃ ሲንቄው ወደ መስታወቱ። ጓድ "ጭንቅላት አለህ እኮ" አሉኝ።
ለአዴ ሽቶ ነገርኳቸው።
"ሊቀ መንበሮቹስ የት ይቀመጣሉ?"
"መድረኩ ላይ፣ ከጓድ ጋር።"
"ሀዬ" አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። እንዴት እንዲህ ቶሎ እሺ አሉ...

ጳጉሜን 4
ማናልበሽ ለሰልፉ ሣር ስታጭድ አገኘኋት። ለምን ብላት "ለባህል" አለችኝ።

መስከረም 2 ቀን 1977
ጉድ ሆንኩ።
ሴቶቹ መድረኩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ዙሪያውን ከበቡ፣ ሲንቄያቸውን አቁመው እልልታውን አቀለጡት። ጓድ ገብረወልድ አጨበጨቡ። ብቻቸውን። ከጎናቸው ዱጉማ ዐመድ መስሏል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ማጨብጨቡ ቀረ። "ይሄ ትርዒት አያልቅም እንዴ?" ይሉኛል ከላይ ሆነው። ሽንታቸው መጥቷል፣ ያስታውቃሉ። ታጣቂውን መንገድ አስከፍት አሉት። "ጓድ፣ ሲንቄ አይታለፍም። እናቴም እዚያ ናት" አለ። እናቱ ብቻ መቼ ሆነች... የኔዋ ማናልበሽም፣ ሲንቄ ስለሌላት በምትኩ እርጥብ ሣሯን ይዛ ከመሀላቸው ቆማለች። ዞር ብላም አላየችኝ።
በመጨረሻ ዱጉማ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበረከከ። አጠፋሁ አለ። ጊደር እክሳለሁ አለ።
አዴ ሽቶ ቀና ብለው አላዩትም። "ለኔ አይደለም። ለልጄ ይንገራት።"
ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ ከሴቶቹ መሀል ነበረች። ነገራት። ያን ጊዜ መንገዱን ለቀቁ፣ ጓድም ሮጡ።
ሲንቄውን ልረከብ ሄድኩ። እጄን ዘረጋሁ... መልሼ ሰበሰብኩት። እንኳን አደረሰዎ ብቻ ብዬ መጣሁ። ፈርቻለሁ። ደስም ብሎኛል።

መስከረም 7
ሪፖርት ጻፍኩ፦ "ቅርሱ በመመሪያው መሠረት ከሕዝቡ ጋር ተጋርቷል።" ውሸት አለበት? የለበትም። ጓድ ግን "አዲስ አበባን በሕልምህ ያሳይህ" አሉኝ። ሌሎቹም ሴቶች መጥተው የወተት ዕቃቸውን፣ የቆዳ ልብሳቸውን፣ ቀፎውንም ወሰዱ። በምን አንጀቴ ልከልክል?

ጥቅምት 3
ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። ሪፖርቴ እዚያ ተወድሷል አሉ፤ "ስብስቡን ቀድሞ ያጋራ" ተብለናል። ጓድ ደረታቸውን ነፍተው "ሐሳቡ የኔ ነው" ሲሉ ሰማሁ። አዳራሹ ባዶ፣ ምን ይታያል? አዴ ሽቶ ግቢ ወሰድናቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ትናንት፣ ሲናና ድረስ በእግሬ ሄጄ። ሲንቄው በቅቤ ወዝቷል። ከእጃቸው ሳይወጣ አሳዩን፤ ማናልበሽ አስተረጎመች። ዱጉማ አማቱ ፊት ላለመቆም ከአጥሩ ውጭ ነበር፣ ልጁን ታቅፎ። ካሜራ የያዘው እንግዳ እሱን ጠጋ ብሎ ጠየቀው።
"ይሄ ነገር ድሮ ነው እንጂ... ዛሬም ይሠራል?"
ዱጉማ መሬት መሬቱን አየ።
"ይሠራል" አለ።