ውሃ የከለከልንሽ ቅዳሜ

ውዴ ስንዱ፣

ከተለየሽን አንድ የበረዶ ወራት አልፎ አንድ በጋ ሊያልቅ ነው። ሙት ዓመትሽ ደጃፍ ላይ ቆሟል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ወሬ አጥቼ አይደለም፤ ስለ አትክልቱ እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ ነው። አንቺ ከባልሽ ጤና በፊት የጠጠሩን ጤና የምትጠይቂ ሰው ነበርሽ፤ ሞት ይህን ጠባይሽን ይለውጠዋል ብዬ አላስብም።

ይህን ደብዳቤ በሙት ዓመትሽ ዕለት ለማኅበርተኛው አነበዋለሁ። ስለዚህ የምታውቂውን ነገር ብደግመው ታገሺኝ። የማይወዱትን ነገር የሚሰሙም አሉ፤ እነሱም ይታገሡኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ወጥ መሥራት ተምሬአለሁ፤ የበሉት ሁሉ በሕይወት አሉ። ዘርሽን ታፈዪበት የነበረው የመስኮት ሥር ባዶ ነው፤ መጽሐፍ ላስቀምጥበት ሁለት ጊዜ ሞክሬ መልሼ አነሳሁት። ልጃችን ማርታ እሑድ እሑድ ከሰፈሯ ከለዛቫንሼ ትመጣለች። ልጇ ደግሞ አያቴ ፕሬዚዳንት ሆነ እያለች ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ ታወራለች። የየት አገር ብለው ሲጠይቋት፣ የድንጋይ፣ ትላቸዋለች።

እውነቷን ነው። የድንጋይ አትክልት ማኅበራችን ፕሬዚዳንት ሆኛለሁ። የተመረጥኩት በአርባሽ ዕለት፣ አፌ ሙሉ ሳለ ነው። በዚህ አገር ደንብ ስብሰባ ይጠራል፣ ሰው ይጠቆማል፣ እጅ ይወጣል። በእኛ ደንብ ግን የሞተች ሚስት ወንበር እንደ ቤት ዕቃ ለባል ይወርዳል። እትዬ የሺ፣ የማኅበሩ ታላቅ እንደመሆናቸው፣ ታዲያ ለማን ሊሆን ኖሯል ብለው ዙሪያውን አዩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም የጎረስኩትን እስክውጥ ነገሩ አልቆ ነበር። አበባን ከመጽሐፍ ውስጥ ካልሆነ የማያውቅ ጡረተኛ አስተርጓሚ፣ በጄኔቫ ጥግ፣ በካሩዥ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለችው ተዳፋት አለቃ ሆነ።

ያቺን ተዳፋት ኮሚዩኑ፣ የዚህ አገር ማዘጋጃ ቤት፣ ሲሰጥሽ የፈረሰ ግንብ ፍርስራሽ ነበረች። አንቺ ግን ከዓለት ስንጥቅ የሚበቅሉትን፣ ከተራራ አናት ሆነው በበረዶና በንፋስ የሚኖሩትን ትናንሽ ተክሎች አመጣሽባት። ሰው ሰበሰብሽባት፤ ግማሹን ከጄኔቫ፣ ግማሹን ከዙሪክ። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በጸሎት መክፈቻ ሲጨቃጨቁ፣ ሁሉም ድንጋዩ ፊት ቆሞ በሆዱ ይጸልይ ብለሽ ፈረድሽ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን እንደ ጥበበኞች ጉባኤ በዝምታ ይጀመራል፤ ጥበቡ የሚያልቀው ምሳ ሲቀርብ ነው።

መሃል ላይ ኢዮብ ነበር። ከዘር ያሳደግሽው፣ እንደ ትራስ ድብልብል ያለ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ አበባ ያላሳየሽ ተክል። ስሙን ያወጣሽለት ለሱ ትዕግሥት ይሁን ለራስሽ አልነገርሽኝም። ሁሌ የምትይን ግን አንድ ነበር፤ እነዚህን የሚገድላቸው ችግር አይደለም፣ ደግነት ነው፤ አታብሏቸው፣ አታጠጧቸው፣ በበረዶው ወራት ዝናብ የሚከልለውን መስታወት አልብሳችሁ ተዋቸው።

ሁላችንም ሰምተንሻል። ግን ሞትሽ።

ሰው ሲሞት እኛ ዝም ብለን መቀመጥ አንችልም፤ ታውቂናለሽ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ከእኛ ቤት ሲወጣ ወደ ተዳፋቷ ይሄድ ጀመር። አንዱ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሰልሽ። ሌላው ሰምቶ ሁለት አፈሰሰ። እትዬ የሺ ነገሩን በተራ አደረጉት፤ ተረኛ ያልደረሰበት ቀን እንዳይኖር በስልኩ ግሩፕ ላይ ማሳሰቢያ ይላክ ነበር። መስታወቱን ደግሞ ስንዱን ዝናብ እንኳ ይከልክላት ወይ ብለው አነሱት። በመጨረሻ ከማኅበሩ አንድ መኪና ያለው ሰው ጥቁር፣ ለም፣ ለዓይን የሚያሳሳ አፈር ጭኖ መጣ፤ ሴቶቹ በእጃቸው እያሹ መደብሽን እንደ ብርድ ልብስ አለበሱልሽ። ሥራው በእንባ ነበር የተሠራው። ስንዱዬ፣ እንደዚያ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ያለ ጥፋትም።

በረዶው ሲቀልጥ ትራስ ያልናቸው ተክሎች መጥቆር ጀመሩ። መጀመሪያ ጫፋቸው፣ ቀጥሎ እምብርታቸው። መጽሐፎችሽን አወጣሁና አነበብኩ። በሦስት ቋንቋ ያው ነገር ተጽፏል፤ ሥሩ ረጥቦ ከቆየ ይበሰብሳል። ማኅበርተኞቹ ደግሞ ጥቁረቱን ሲያዩ ጠምቷቸው ነው ብለው ውሃውን ጨመሩ።

በዚህ መሃል ኮሚዩኑ ደወለ። ሌሎች ሰዎች ቦታዋን ለጓሮ አትክልት መደብ ጠይቀዋል፤ ስለዚህ ግንቦት ውስጥ አንዲት ኃላፊ መጥታ ታያለች፤ ማኅበሩ ቦታዋን በወጉ ይዞ ከሆነ ይቀጥላል፣ ካልሆነ ይመልሳል። ሴትዮዋ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ በጣም ትሑት ነበር። የዚህ አገር ሰው ትሑት ሲሆን መፍራት ነው።

እንግዲህ ተናገር አትይኝም? ምን ብዬ? ላንቺ ብለው ያፈሰሱትን ውሃ እኔ ባልሽ ልከልክል? ለቅሶ ቤት የመጣን ድስት መልስ ብሎ መስደድ ነው። በየቅዳሜው ልናገር ወጥቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ባቡር ተሳፍሬ ዙሪክ ሄድኩ፤ ከከተማው ጥግ ዋሊሰለን፣ ደምሴ ዘንድ። አዎ፣ ደምሴ፤ ከአንቺ ሌላ ትራሶቹን የሚያውቅ እሱ ነው። ያኔ በአንድ ስብሰባችን ላይ፣ የዚህ ማኅበር ሰው አረም የሚያየው ከምሳ በኋላ ነው፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ይተኛል ብሎ የተናገረው። የዚያን ቀን የምሳው ተረኛ አንቺ ነበርሽና ወጤን ሰደበ ብለሽ አኮረፍሽ፤ እሱም ከማኅበሩ ወጣ። ቀብርሽ ላይ ከኋላ ቆሞ አይቼዋለሁ። ቤት ግን አልመጣም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ደጅ ሐዘንተኛው ሲጠና ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርሽም። ባቡሩ ውስጥ ሎዛን ስንደርስ ልወርድ ተነስቼ ነበር፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ የምወርድ መስሏቸው እግራቸውን ሰበሰቡ፤ አፈርኩና ተቀመጥኩ።

ከሚሠራበት የገበያ ማዕከል ወጥቶ ቤቱ ወሰደኝ። በረንዳው ላይ በድንጋይ ገንዳ የተከላቸው ትራሶች እንደ ጤነኛ ሕፃን ይስቃሉ። የጠቆሩትን ትራሶች ፎቶዎች በስልኬ አሳየሁት። አንድ በአንድ አያቸው፣ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ለቅሶ ያልመጣሁት ጥቁር አፈር እየተጫነ መሆኑን ሰምቼ ነው አለኝ፤ መጥቼ ዝም ማለት አልችልም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስለ አፈር ልጣላ? መፍትሔውን ስጠይቀው ብዙ አላወራም። አፈሩ እስከ ሥሩ ይነሳል፣ የበሰበሰው ይጣላል፣ የተረፈው በታጠበ ጠጠር ይተከላል፤ ያውም በማኅበርተኛው ፊት፣ አለዚያ በማግስቱ ያጠጡታል። አንገራገርኩ። ያኔ ነው ይህን ያለኝ፦

«ጋሼ፣ ወይ እነሱን ያስቀይማሉ፣ ወይ እትዬ ስንዱን ሁለተኛ ይቀብራሉ።»

ኃላፊዋ ልትመጣ አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ ቅዳሜ ዕለት ሁሉም ወጣ። ደምሴ ሲመጣ ሰዎቹ የዘገየ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መሰላቸው፤ እትዬ የሺ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ መንሹን ጥቁሩ አፈር ውስጥ ሰካው። አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሁለተኛ ሲዝቅ እትዬ የሺ የውሃ ማጠጫቸውን እንደያዙ ሄደው በሱና በመደቡ መሃል ቆሙ። እሱን አላዩትም፤ የሚያዩት እኔን ነበር።

ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ደምሴ መንሹን ተደግፎ ይጠብቃል።

«እትዬ የሺ፣ የገደላቸው ውሃው ነው» አልኳቸው።

«የኔ ውሃ?»

«የሁላችንም።»

ማጠጫውን አላስቀመጡም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አሉኝ፦

«ለስንዱ ብዬ እኮ ነው። ታዲያ አሁን ምን ልስጣት?»

የመለሰላቸው ደምሴ ነው፤ ያውም ቀና ሳይል። ጠጠሩ አቧራ አለው አላቸው፣ ሳይታጠብ አይገባም፣ ውሃ ያስፈልገዋል። እሳቸውም፣ ከዙሪክ ድረስ መጥተህ ለቅሶ ሳትደርስ ጠጠር ታሳጥበኛለህ አንተ ልጅ ብለው ሄደው ተቀመጡ። ደምሴ ስልሳውን አልፏል። እስከ ማታ ድረስ አጠቡ። እጃቸው ቀላ፤ እንርዳዎ ያላቸውን ሁሉ ገሠጹ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ምሳ የተበላው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ደምሴ ይህን አይቶ ምንም አላለም፤ ለሱ ይህ ትልቅ ዝምታ ነው።

ኢዮብ ሞቷል። እዚህ ላይ ስደርስ ነው እስከ ዛሬ ወረቀቱን የማጥፈው። ደምሴ ሲያወጣው ሥሩ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ዳቦ ነበር። ከየአቅጣጫው እየቀነሰ፣ አንድ ደህና ቅጠል ፈልጎ ፈልጎ፣ በመጨረሻ ለእኔ ሰጠኝ። ከወንዙ ዳር ቀበርኩት። ለተክል ፍትሐት ይደረግ እንደሆነ ቄሱን አልጠየቅኩም፤ የሚሉኝን ስለማውቅ።

ኃላፊዋ በቀኑ መጣች። ማኅበርተኛው ሁሉ የእሑድ ልብሱን ለብሶ ተሰልፏል፤ የሚታየው ግን ንጹሕ ጠጠር፣ በመሃሉ እዚህም እዚያም የተረፉ፣ ቁጭ ያሉ ትናንሽ ትራሶች። አበባ የለም። እኔ ባማረ ፈረንሳይኛ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ብዝኃ ሕይወት፣ ስለ ሕዝቦች መቀራረብ። ሴትዮዋ ዞር ዞር አለችና ለምን ይህን ያህል ባዶ ሆነ ስትል ጠየቀች። ንግግሩ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ሰው ሞታብን ነበር፣ የሠራችው እሷ ናት፣ ከሐዘን ብዛት ብዙ አጠጣናቸው አልኳት። ደግሞ ታጠጣላችሁ ወይ አለች። መልስ ከመስጠቴ በፊት እትዬ የሺ፣ በገበያ ፈረንሳይኛቸው፣ ከእንግዲህ የሚያጠጣ ሰው መጀመሪያ እኔን አልፎ ነው አሏት። ሴትዮዋ ሳቀች ማለት አልችልም። ለአንድ ዓመት ቆዩ፣ በሚቀጥለው ግንቦት ተመልሼ አያለሁ አለች። በዚህ አገር ይህ ምሕረት ይሁን ቀጠሮ ገና አልገባኝም።

ስለዚህ አልዳንም፣ ስንዱዬ። ደምሴ በወር አንዴ ይመጣል፤ ሰውን ሁሉ ያስቀይማል፤ ደግሞ ይጠበቃል። የተረፉት ትራሶች ይኑሩ አይኑሩ የሚለየው ከመጪው በረዶ በኋላ ነው። መስታወቱን ጠርገን አዘጋጅተናል። ስናለብስ ሁሉም ይወጣል፤ ከለበሰ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም፤ ከሁሉ የከበደን እሱ ነው። እኛ ሰውን የምናስታውሰው በማብላትና በማጠጣት ነበር። አንቺን ለማስታወስ ግን ሌላ ሙያ መማር ግድ ሆነ፤ በዚህ ዕድሜ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ተዳፋቷ እወርዳለሁ። አጎንብሼ አያቸዋለሁ። ደርቀውብኝ ይሁን ደህና ሆነው አላውቅም፤ እጄ ግን ራሱ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። እመልሰዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ የማስታውስሽ እንደዚያ ነው፤ እጄን በመመለስ።

ባልሽ